የጉንዳን ውሎ፦ ብቻዋን፣ ከእጭ ጋር፣ ከፑፓ ጋር

ሠራተኛ ጉንዳን መቼ እንደምትነቃና መቼ እንደምታርፍ የሚወስነው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ አጠገቧ ያለው ማን እንደሆነም ይወስናል። ይህን ለመለካት ካምፖኖተስ የሚባለውን የትልልቅ ጉንዳኖች ወገን መረጥኩ። ትንንሾቹን ካሜራ በቀላሉ አይለያቸውም።

በ9 ሴንቲ ሜትር የፔትሪ ሳህን (ክብ፣ ክዳን ያለው የላቦራቶሪ ሳህን) ወለል ላይ ጄሶ አፍስሼ አደረቅሁ፤ እርጥበት እንዲይዝ በየጊዜው ጥቂት ውሃ አጠጣዋለሁ። ውሃው ከበዛ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይይዝና ምስሉ ይደበዝዛል። ምግቡ በ10 በመቶ የስኳር ውሃ የተነከረ ጥጥ ነው። አንዷ ጉንዳን በሳህኗ ብቻዋን፣ ሌላዋ ከእጭ ጋር፣ ሦስተኛዋ ከፑፓ ጋር፤ ፑፓ መብላት አቁሞ ወደ ሙሉ ጉንዳን የሚለወጠው ደረጃ ነው። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አጸናሁ። መጀመሪያ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ፤ ቀጥሎ ሙሉ ጨለማ። ጨለማው ውስጥም የመንቃትና የማረፍ ዑደቱ ከቀጠለ ነው የውስጥ ሰዓት ነው የምንለው። ምግብ ስቀይር ሰዓቱን በየቀኑ እለዋውጣለሁ፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ከተገባ የበሩ ንዝረት ራሱ ሰዓት ይሆንላቸዋል።

ጉንዳን በማታየው በ850 ናኖሜትር የኢንፍራሬድ መብራት በየ10 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ አነሳሁ፣ የተጓዘችውንም ርቀት በየ10 ደቂቃው ደመርኩ። ከአካሏ ርዝመት ሩብ ያነሰውን እንቅስቃሴ ዜሮ ብዬ ያዝኩት፤ አለዚያ የምስሉ መንቀጥቀጥ የተኛችውን ጉንዳን ሌት ተቀን የምትሠራ ያስመስላታል።

በአንድ ሳህን ብዙ ጉንዳን ሲኖር ድምሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። አንዷ ሲመሽ፣ ሌላዋ ሲነጋ ብትነቃ ድምሩ ዝርግ ይሆናል፤ ዑደት የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ጀርባቸውን በተለያየ ቀለም ምልክት ማድረግና እያንዳንዷን ለየብቻ መከተል ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ንግሥት በሌለው፣ ዳያካማ በሚባል ሌላ የጉንዳን ወገን ላይ የታተመ የጃፓን ጥናት እንዳሳየው፣ ከእንቁላልና ከእጭ ጋር ያሉት ሌት ተቀን ይንቀሳቀሳሉ፤ ከፑፓ ጋር ያሉት ግን ዑደታቸውን ይጠብቃሉ። እጭ ያለማቋረጥ መመገብ አለበት፣ ፑፓ ግን አይበላም።

ብቻዋን ያለችውን እንደ ተፈጥሯዊ መነሻ መውሰድ አያዋጣም። ካምፖኖተስ ፌላ የምትባለው ዝርያ ከጓደኞቿ ስትለይ አብዝታ ትራመዳለች፣ ቶሎም ትሞታለች። እጩም ሳይታሰብ ፑፓ ይሆናል፤ በየቀኑ አይቼ የተለወጠውን በትንሽ እጭ እተካለሁ።