ከጭምብሉ በታች

ትናንት ልጄን ይዤ ለንደን ላይሲየም ቲያትር «ላየን ኪንግ»ን፣ ከአንበሶቹ ካርቱን ፊልም የተሠራውን የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ፣ ለማየት ገባሁ። የትኬቱን ዋጋ ተዉት።

ገና ከመጀመሩ ልጄ ጆሮዬ ስር፦ «አባዬ፣ ሰውየው እኮ ይታያል!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የአባትየው አንበሳ ጭምብል ከግንባሩ በላይ ነው የተቀመጠው። ሲቆጣ ጎንበስ ይላል፤ ጭምብሉም ወደ ፊቱ ይወርዳል። ቀና ሲል ተመልሶ ሰው ነው። ዳይሬክተሯ ጁሊ ቴይሞር እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ ስታቀርበው ተዋንያኑን ልደብቅ አላለችም።

እ.ኤ.አ. የ1994ቱን ፊልም እኔ አዲስ አበባ በቪዲዮ ካሴት ነው ያየሁት። ያኔ ያለቀስኩት ለአንበሳ ነበር። የድሮ ፊልም መድረክ ላይ ሲወጣ «ትዝታችንን መልሰው ሊሸጡልን ነው» እያልኩ አማ ነበር። ትናንት ግን አባትየው ሲሞት ያየሁት ላብ ያራሰው የሰው ፊት ነው።

«አባዬ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ እዪ።»