ቁርስ በልቼ ግሽ ዓባይ ደረስኩ

ጎጃም የእናቴ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። መንገዱን ንገረን ብትሉኝ ግን የምነግራችሁ አልነበረኝም። ገና ሳይነጋ መናኸሪያ፣ ጃኬት ፊት ላይ ጣል፣ እንቅልፍ። ስነቃ ስልክ። ምሳ በጥድፊያ፣ አመሻሽ ላይ ባሕር ዳር። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ እንዲህ ነበር የማልፈው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሥራ ስቀይር መሐል ላይ የ8 ቀን ክፍተት አገኘሁና ቆራርጬ ልሂደው አልኩ። ደብረ ማርቆስ አንድ አዳር፣ እንጅባራ አንድ አዳር፣ ከዚያ የዓባይ ምንጭ ያለባት ግሽ ዓባይ። ግሽ እቅዱ ውስጥ የገባችው፣ እናቴ ጠበል አምጣልኝ ስላለች ነው።

ሁለት ሕግ አወጣሁ፦ ስልክ ይጠፋል፣ መቀመጫዬ መስኮት ጥግ ይሆናል። የመጀመሪያው አንድ ቀን እንኳ አልዘለቀም። እናቴ ስልኬ እንቢ ሲላት ዘመድ አዝማዱን ስታስጨንቅ አደረች። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እየደወልኩ ቀን ቀን ቦርሳ ውስጥ ወረወርኩት፤ ይኼኛው ሠራ። ማዳመጫውንም ጭምር። ጆሮውን የደፈነን ሰው ማን ያናግረዋል?

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንጀምር አጠገቤ የተቀመጡት አባት ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። «አንተም ሹራብህን አውልቅ፣ በረሃው መጣ» አሉኝ። እውነትም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፤ ጆሮ ይደፈናል፣ የፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል፣ ደጋ የነበረው አገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ይሆናል። ዓባይ ላይ የተዘረጋውን፣ 303 ሜትር የሚረዝመውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር አባት አማተቡ። ደጀን ስንወጣ ጋቢው ተመልሶ ትከሻ ላይ ወጣ። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ይኼ ሁሉ ሲሆን ተኝቼ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ማካበድ አልፈልግም፤ ከሰዓቱ ሰለቸኝ። የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ፣ የድሮ ስሟ መንቆረር እንደነበር አንድ ባለ ሱቅ ነገረኝ፣ በጊዜ ተኛሁ። እንጅባራ ግን ሳልደርስ ዘንገና ወረድኩ። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጫካ የተከበበ ክብ ሐይቅ። እሱንም በእንቅልፍ ነበር ሳልፈው የኖርኩት።

በማግስቱ ወደ ኋላ ቲሊሊ ተመልሼ፣ ትኩስ ፍርፍር በሻይ አጣጥሜ፣ ግሽ ዓባይ ወዳለችበት ወደ ሰከላ ተሳፈርኩ። መቼም ቀስ ብሎ ማጣጣም ተምሬያለሁ ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ጠበሉ በር ላይ የቆመው ዲያቆን «ወንድሜ፣ እህል ቀምሰሃል?» ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የቀመሰ አይገባም። ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ፣ መኪናው እንደሚያመልጠኝ ብለምነው አንገቱን ነቀነቀ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ።

አጥሩ ሥር የተቀመጡ እማሆይ ሰምተው ሳቁ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል። አንተም እንደሱ ነህ እንዴ ልጄ? አድረህ ግባ እንጂ!»

ምርጫ አልነበረኝም፤ አደርኩ። የእቅዴ ሁሉ ምርጡ ቀን ያላቀድኩት ሆነ። ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ነውና ብርዱ አይጣል። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ድንች ቀቅለው ከነልጣጩ ሰፌድ ላይ ዘረገፉት፤ እየላጥን፣ ጣታችንን እያቃጠለን በሚጥሚጣ በላን። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ሰምቼ ጨርሼ ነበር።

ጠዋት በባዶ ሆዴ ተሰለፍኩ። ጠጣሁ፣ ሃይላንዱን ሞላሁ። ከታች ሜዳው ላይ ከምንጩ የወጣው ውሃ ሣር ለሣር ይሄዳል። አንድ እረኛ በትሩን ተክሎ ዘለለው። እኔም ዘለልኩት፤ አንድ እርምጃ ነው። ልጁ በጣቱ ወደ ሰሜን አሳየኝ፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በሰፊው ከዞረ በኋላ ነው ደጀን ሥር የሚደርሰው። እኔ ተኝቼ በቀጥታ የምቆርጠውን አገር እሱ ዞሮት ነው የሚመጣው።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ሃይላንዱን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቁልቁል አየሁ። የደፈረሰ ሰፊ ውሃ ነው። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። ልቀስቅሰው ብዬ ተውኩት።

እናቴ ሃይላንዱን ተቀብላ ሳትከፍተው ትኩር ብላ አየችኝ። «ሳትቀምስ ነው አይደል የቀዳኸው?»