«ቅባቱ ነው ያሳደገው»

አንዲት ደንበኛ በምሠራበት ፀጉር ቤት መጀመሪያ እኔ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ስለ ፀጉራቸው የነገሩኝ በአጭሩ ነበር። «አያድግም፤ ዘራችን ነው።» ለዓመታት በየሳምንቱ በፎን እየተሳበ፣ በላዩም በፒያስትራ፣ በጋለው የፀጉር መተኮሻ፣ እየተተኮሰ ትከሻቸው ላይ ቆሟል። የራስ ቆዳቸውን ከፋፍዬ ሳየው ንጹሕ ነው፤ ከሥሩ የሚወጣው ፀጉርም ወፍራምና ብርቱ ነው። ወደ ጫፉ ሲወርድ ግን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ በየቦታው ተቆራርጦ አንዱ ከሌላው አይተካከልም።

አበጥሬ ስጨርስ ትከሻቸው ላይ ካነጠፍኩት ፎጣ የወደቀውን ለቃቅሜ በብርሃን አሳየኋቸው። ጊዜውን ጨርሶ ከሥሩ የረገፈ ፀጉር በአንድ ጫፉ ትንሽ ነጭ እንክብል ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለው በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ከጤነኛ ራስም የሚጠበቅ ነው። እሳቸው ፎጣ ላይ የነበረው ግን አብዛኛው ከጣት የማይረዝም ቁርጥራጭ ነበር፤ እንክብሉ የለም። «ያድጋል እትዬ» አልኳቸው፤ «በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከላይ የሚጨምረውን ያህል ከታች እየተሰበረ ስለሚሄድ ነው የማይታይዎት።»

ፒያስትራውን አቆምን። የጫፉን የባሰበትን ቆረጥኩና ከታጠበ በኋላ እርጥቡን በቢጎዲን፣ በክቡ የፀጉር መጠቅለያ፣ መጠቅለል ጀመርኩ። ለቢጎዲን የማይበቃውን የማጅራትና የጆሮ ግንድ ፀጉር ደግሞ በፒን ከርል፣ በጣት ክብ አድርጌ ጠቅልዬ በክሊፕ አስይዘው ነበር።

ብዙ ሰው፣ የሙያው ልጆችም ጭምር፣ ቢጎዲን ድሮ ፒያስትራ ስላልነበረ ብቻ ይሠራበት የነበረ ይመስላቸዋል። ውሃ በፀጉር ውስጥ ያለውን ደካማ ትስስር፣ የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለውን፣ ይፈታዋል፤ ፀጉሩ ተጠቅልሎ ሲደርቅ ያ ትስስር በአዲሱ ቅርጽ ተመልሶ ይያያዛል። ቅርጹ የሚመጣው ከውሃውና ከመድረቁ ስለሆነ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ፣ የካስክ፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ ጊዜ ላለው ሰው ያለ ካስክም ይደርቃል። ፒያስትራ ግን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በደንብ ባልደረቀ ፀጉር ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ውሃ ድንገት ወደ እንፋሎት ይለወጥና የፀጉሩን ውስጥ በአረፋ ይሞላዋል፤ ያ ፀጉር ከዚያች ቦታ ላይ ይቀነጠሳል።

ቢሆንም ቢጎዲንም የእጅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥብ ፀጉር ሲስቡት ብዙ ይለጠጣል፣ ጉልበቱም ከደረቀው ያነሰ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። ስለዚህ አሁን «ልክ ነው» ብዬ ያጠበቅሁት ጥቅልል ካስኩ ውስጥ ሆኖ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሥሩንም ይጎትታል። ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር አፍታታለሁ፤ የምከፍለው መስመር ከቢጎዲኑ ስፋት እንዳይበልጥ አያለሁ፤ ጫፉን በወረቀት ይዤ ሳይታጠፍ እጠቀልላለሁ። ፀጉሩ ለስልሶ እስኪተኛ እስበዋለሁ፤ ቆዳው መነሣት ከጀመረ ግን በዝቷል ማለት ነው። የፒን ከርሉም እንዲሁ፤ ጫፉ ከክቡ መሃል ገብቶ ካልተደበቀ ይንጨባረራል፣ ክሊፑም ሥሩን ከነከሰ ምልክት ይተዋል። ከዚያ እስከ መጨረሻው መድረቅ አለበት፤ ደርቆም እስኪቀዘቅዝ መቆየት አለበት። መሃሉ እርጥብ ሆኖ ከተፈታ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ያልወደደችውም ይህንኑ ነበር። አንድ ሰው ካስክ ሥር እስኪደርቅ ድረስ በፒያስትራ ስንቱን መሸኘት እንደሚቻል ሳትነግረኝ የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው። ደንበኛዬ ግን መጽሐፋቸውን ይዘው ይመጡና ካስኩ ሥር ደስ ብሏቸው ያነባሉ።

ወራት አለፉ። ትከሻ ላይ የቆመው ፀጉር ትከሻን አለፈ፤ ጀርባ ላይ ወረደ። ጫፉ ሞላ፤ አንድ ቀን ፎጣውን ሳነሣው ከነጭ እንክብሎቹ በቀር ቁርጥራጭ ማግኘት አቃተኝ። ደስታዬን የደበቅሁት አይመስለኝም።

ያን ዕለት የማጅራታቸውን ክሊፕ እየፈታሁ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቢጎዲኑ ነው አይደል ያሳደገልኝ?» አሉኝ።

መልሱን ከሥራው ጋር የተማርኩት ነው። «አይደለም እትዬ። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳው ሥር ካለው ከረጢት ነው። ከቆዳው በላይ የወጣው ሕይወት የለውም፤ ቢጎዲንም ሆነ ሌላ ነገር ከውጭ ሆኖ ሊያስረዝመው አይችልም። ድሮም በዚሁ ፍጥነት ያድግልዎት ነበር። እኛ መስበሩን ነው ያስቆምነው።»

ፊታቸው ሲቀዘቅዝ አየሁት። ምሥጢር እሰማለሁ ብለው ጠብቀው ነበር፤ እኔ የሰጠኋቸው ስሌት ነው። ገና ላብራራ አፌን ስከፍት የቤቱ ባለቤት ከገንዘብ መቀበያው ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቅባቱ ነው ያሳደገው! ያን ጊዜ የሰጠሁዎት ቅባት። አልነገርኩዎትም?» አለች።

እውነት ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሸጣላቸዋለች። ከጠርሙሱ ምን ያህሉን እንደተጠቀሙበት አላውቅም። የማውቀው ግን ፊታቸው እንደገና መብራቱን ነው። ዘወር ብለው ለእሷ፣ «እንዴ! ለካ እሱ ነው!» አሏት። እኔ በእጄ ክሊፕ እንደያዝኩ ቀረሁ። ደሜ ፈላ። ከወር እስከ ወር የቆምኩበት፣ ጣቴ ውሃ ውስጥ የከረመበት፣ እያንዳንዷን መስመር ቆዳው እንዳይነሣ እየሰጋሁ የጠቀለልኩበት ሥራ በሦስት ቃል ከእጄ ወጣ።

ከቅባት ጋር ጠብ የለኝም። እኔም እጠቀማለሁ፤ ፀጉርና ፀጉር ሲፋተግ እንዳይጎዳ ያለሰልሳል፤ የኮኮናት ዘይት ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ በመታጠብ የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ይህ ሁሉ ግን ያለውን መጠበቅ ነው። «ያሳድጋል» ብሎ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ቃል ሰውየው የሚጠቅመውን ነገር እንዲተው ያደርጋል።

የሆነውም ይኸው ነው። ትልቁን ጠርሙስ ገዝተው ሄዱ። ከዚያ ካስክ ሥር መቀመጡ ምን ያደርጋል? ፀጉሩን የሚያሳድገው ቅባት ቤታቸው አለ። ወደ ሌላኛዋ ባለሙያ ወንበር ተዛወሩ፤ ቅባቱ ተቀብቶ በላዩ ፒያስትራው ይሄዳል፣ ቶሎ ያልቃል። በአጠገባቸው ስመላለስ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይደርሰኝ ነበር። ከሰው ወንበር ላይ ያለን ደንበኛ መምከር ነውር ስለሆነ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ። ያ ዝምታ እስካሁን ይከብደኛል።

ተመልሰው ወደ እኔ ሲመጡ ጫፉ እንደ ድሮው ሳስቷል። «ቅባቱ መሥራት አቆመ» አሉኝ፣ በእውነት አዝነው። የቤቱ ባለቤት የዚያን ዕለት ሌላ ዓይነት ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደችላቸው።

ማታ ወለሉን እየጠረግን ሳለ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ «አንቺስ ያን ጊዜ አዎ ብትያቸው ምን ይጎዳሽ ነበር?» አለችኝ። «ቢጎዲኑ ነው ብትያቸው ቢጎዲኑን አይተዉትም ነበር። ፀጉራቸውም አይሰበርም ነበር። እውነት ተናግረሽ ፀጉራቸውን አስጎዳሽው።»

ይህ አነጋገር ከቤቱ ባለቤት ቃል ይልቅ አንጀቴን አቆሰለው፤ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው። መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ግን አንዲት ሌላ ደንበኛ ትዝ አለችኝ። ቢጎዲን ፀጉርን ስቦ ያስረዝማል ብለው ያሳመኗት ሴት ነበረች፤ በጠበቀ ቁጥር የበለጠ የሚያድግ እየመሰላት ሌሊቱን ሙሉ አጥብቃ ጠቅልላ ትተኛ ነበር። ስትመጣ የግንባሯና የጆሮ ግንዷ ፀጉር ወደ ኋላ ሸሽቶ ቆዳው ይታይ ነበር። መጎተት ከሥሩ ያለውን ከረጢት ይጎዳዋል፤ በጊዜ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፣ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ግን ቦታው ጠባሳ ይዞ ዳግም አያበቅልም። ለሥራ ባልደረባዬ ይህን ነገርኳት። ለአንዷ የሚጠቅመው ውሸት ሌላዋን መላጣ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ የትኛዋ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠች አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። ትከሻዋን ነቀነቀችና መጥረጓን ቀጠለች። እንዳላሳመንኳት አውቃለሁ።

አሁን ሲጠይቁኝ በ«አይደለም» አልጀምርም። መልሱን አልለወጥኩም፤ ቅደም ተከተሉን እንጂ። መጀመሪያ ፎጣውን አነሣለሁ፣ ቁርጥራጩንና ባለ እንክብሉን ለይቼ መዳፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ራሳቸው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ነው የምናገረው። አንዳንዱ ያኔም ጠርሙስ ይጠይቀኛል።

እኚያ ደንበኛም ወንበሬ ላይ ናቸው። ባለፈው የመጨረሻውን ቢጎዲን ሳስገባ፣ «ወገቤ ላይ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ። ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው በሜትር ለካሁላቸው። «ካልተሰበረ ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ዓመት!» ብለው በመስታወቱ አፈጠጡብኝ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ከቦርሳቸው አወጡና ካስኩን እንዳወርድላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። «ቅባቱንስ ልተወው?»

«አይተዉት እትዬ» አልኳቸው፤ «ጫፉን ብቻ ይቀቡት።»