የሊኑክስ ኢሜጅ ከመቀዳቱ በፊት ከሰርቨሩ ላይ መጥፋት ያለበት ነገር

ላለፉት ሳምንታት በአንድ ሰርቨር ላይ አስተካክዬ የጫንኩትን ሊኑክስ ኢሜጅ (የተጫነውን ሲስተም ቅጂ) አንስቼ በሌሎች ሰርቨሮች ላይ መጫን ስለማመድ ቆይቻለሁ። ስጀምር ከባዱ ሥራ ኢሜጁን ማንሳትና በኔትወርክ ማሰራጨት ይመስለኝ ነበር። እስካሁን ካጠፋሁት ጊዜ አብዛኛው ግን የሄደው ምንጩን ሰርቨር በማዘጋጀት ላይ ነው፤ ማለትም ፕሮግራሞቹና ቅንብሮቹ ለሁሉም እንዲደርሱ፣ የዚያ አንድ ሰርቨር መታወቂያ የሆነው ነገር ግን ለማንም እንዳይተላለፍ በማድረግ ላይ።

ይህን የተማርኩት ከመጀመሪያው ኢሜጅ ነው። ኢሜጁን በሁለት ተመሳሳይ ሞዴል ሰርቨሮች ላይ ስጭነው ሁለቱም ያለ ችግር ተነሱ። ቆየት ብሎ ግን በአንደኛው ላይ የከፈትኩት የኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣ) ግንኙነት በየመሃሉ ይቋረጥ ጀመር፤ መልሼ ስገባም አንዳንድ ጊዜ የማገኘው ሌላኛውን ሰርቨር ሆነ። ገመድ ቀየርኩ፣ ስዊቹንም ፈተሽኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም በየራሳቸው ሞኒተር ስመለከታቸው የያዙት የአይፒ አድራሻ አንድ ነበር። የማክ አድራሻቸው (የኔትወርክ ካርዳቸው መለያ) የተለያየ ሆኖ ሳለ የአይፒ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር እንዴት አንድ አድራሻ ሊሰጣቸው ቻለ? መልሱን ያገኘሁት በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ያለውን ማሽን-አይዲ የተባለ ፋይል ከሁለቱም ከፍቼ ጎን ለጎን ሳነበው ነው፤ 32ቱ የሄክሳዴሲማል ምልክቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነበሩ። ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ (ሊኑክስን የሚያስነሳው የሲስተምዲ የኔትወርክ ክፍል) አድራሻ በሚጠይቅበት ጊዜ ካልተቀየረ በቀር ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አድራሻው ሳይሆን ከዚህ ቁጥር በሚያወጣው መለያ ስለሆነ፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ደንበኛ ቆጥሯቸው ነበር።

መፍትሔው ፋይሉን ባዶ ማድረግ ነው። ሲስተምዲ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው በሚነሳበት ጊዜ አዲስ ቁጥር ይፈጥርበታል። ፋይሉን ጨርሶ መሰረዝን አልመክርም፤ ሩት ፋይል ሲስተሙ (የሲስተሙ ዋና ፋይሎች ያሉበት) መጀመሪያ ለንባብ ብቻ በሚከፈትበት ሁኔታ አዲሱ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ያጣልና። እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። ፋይሉን ባዶ ካደረግሁ በኋላ ሥራዬን ለማረጋገጥ ብዬ ምንጩን ሰርቨር አንድ ጊዜ አስነሳሁት፤ በዚያች ቅጽበት አዲስ ቁጥር ተፈጠረ፤ ያነሳሁትም ኢሜጅ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወደ ሁሉም ሄደ። ስለዚህ አሁን ማጽዳቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ኢሜጁም የሚቀዳው ከዩኤስቢ በተነሳ ሌላ ሲስተም ነው።

የኤስኤስኤች የሰርቨር ቁልፎችን (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸውን) ማጥፋት ከዚህም የበለጠ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ቁልፎቹ ኢሜጁ ውስጥ ከቀሩ ኢሜጁን ያገኘ ሰው ሁሉ የሁሉንም ሰርቨሮች የግል ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። በሬድ ሃት ቤተሰብ ስርጭቶች (የሊኑክስ ዓይነቶች) የኤስኤስኤች አገልግሎቱ በሚነሳበት ጊዜ የጎደሉ ቁልፎችን ይፈጥራል፤ በዴቢያን ግን ቁልፎቹ የሚፈጠሩት ፓኬጁ በሚጫንበት ወቅት ስለሆነ፣ እንደገና የሚፈጥራቸው ነገር ካላዘጋጁ ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ በኤስኤስኤች ሊገቡበት አይችሉም። ለዚህ ስል በመጀመሪያው መነሳት ላይ ቁልፎቹን የሚፈጥር አጭር የሲስተምዲ አገልግሎት ጻፍኩ። ክላውድ-ኢኒትን (ሰርቨር መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዋቅረውን ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ይህን ሥራ ለእሱ ሊተውለት ይችላል፤ ብቻ ኢሜጁ ከመቀዳቱ በፊት የቀድሞ መዝገቡን ማጽዳት አለበት።

ሌላው ትምህርት የመጣው ኢሜጁን የተለየ የዲስክ መቆጣጠሪያ ባለው ሰርቨር ላይ ስሞክር ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ተነሳ፤ ሩት ፓርቲሽኑን ግን ማግኘት አልቻለም፤ ለረጅም ጊዜ ከጠበቀ በኋላም ወደ ድራከት የአደጋ ጊዜ ሼል ጣለኝ። ድራከት የተባለው ፕሮግራም በብዙ ስርጭቶች ላይ ኢኒትራምኤፍኤስን (ከርነሉ ሩት ፓርቲሽኑን ለመክፈት የሚጠቀምበትን ትንሽ የመነሻ ሲስተም) የሚያዘጋጀው እሱ ራሱ ባለበት ማሽን ላይ ለሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ብቻ ነው። ለአንድ ማሽን ይህ ተገቢ ቁጠባ ነው፤ ለብዙ ማሽኖች ለሚሄድ ኢሜጅ ግን ይህን ገደብ አንስቶ ሁሉንም ድራይቨሮች ማካተት ያስፈልጋል። በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማዘርቦርድ ፈርምዌር) ለሚነሱ ሰርቨሮችም የመነሻ መዝገቡ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ማህደረ ትውስታ ስለሆነ ከኢሜጁ ጋር አይሄድም፤ ግራብን (ሊኑክስን የሚያስጀምረውን ፕሮግራም) ፈርምዌሩ በራሱ በሚፈልገው የተለመደ ቦታ ላይም መጫኑ ይህን ይፈታዋል።

ኢሜጁን ለማንሳት ከዲስክ መቅጃ ፕሮግራሞች ዲዲን ትቼ ፓርትክሎንን መርጫለሁ። ዲዲ ባዶውንም ቦታ ስለሚቀዳ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ግን የተሰረዙ ፋይሎች ቅሪት ሳይታወቅ አብሮ ይሄዳል። ፓርትክሎን የሚቀዳው ጥቅም ላይ የዋሉ ብሎኮችን ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት በሦስት ሰርቨሮች ላይ ባደረግሁት ሙከራ ማሽን-አይዲውም፣ የቁልፎቹ አሻራም፣ የአይፒ አድራሻውም በሦስቱም ላይ የተለያየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀጥዬ የምለማመደው አንዱን ኢሜጅ በመልቲካስት ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላክን ነው።