ሞደሙ ሲገናኝ የሚጽፈው ቁጥር፦ የ56ኬ መስመሬን እንዴት እንዳረጋጋሁት

በዳያል-አፕ ዘመን፣ ኮምፒውተር በስልክ መስመር እየደወለ ኢንተርኔት በሚገባበት ጊዜ፣ «ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወይ ሞደሙ ላይ (የኮምፒውተሩን መረጃ በስልክ መስመር ወደሚያልፍ ድምፅ የሚለውጠው ዕቃ ላይ) ወይ አገልግሎት ሰጪው ላይ ነበር። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት በዚያው መንገድ ነው። ሳጥኑ ላይ 56ኬ (በሰከንድ 56,000 ቢት) የሚል የተጻፈበት ሞደም ገጠምኩ፤ ግን በየሩብ ሰዓቱ ይቋረጣል፣ አንድ የ3 ሜጋባይት ፋይል ለማውረድ ሁለት ሦስቴ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይላል። ድራይቨር ቀየርኩ፣ የሞደም ማስነሻ ትእዛዝ ከዚህም ከዚያም ቀድቼ አስገባሁ፣ ዊንዶውስ 98ን ደምስሼ መልሼ ጫንኩ። አንዱም አልረዳም። ችግሩ የነበረው ከግድግዳው ሶኬት እስከ ሞደሙ ባለው ገመድና በቤቱ የስልክ ዝርጋታ ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ደግሞ ሞደሙ በተገናኘ ቁጥር የሚጽፈውን ቁጥር በትክክል ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

ኮምፒውተሩ «በ115,200 ተገናኝቷል» ካለ ይህ የስልክ መስመሩ ፍጥነት አይደለም። በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው የሲሪያል ፖርት ፍጥነት ነው፤ መስመሩ ቢሞትም ቢድንም አይለወጥም። እውነተኛውን የመስመር ፍጥነት ለማየት በሞደሙ ባሕርይ ገጽ ውስጥ «ተጨማሪ ትእዛዝ» በሚለው ቦታ ላይ ደብሊው2 ጻፍኩ። ብዙ ሞደሞች ይህን ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ የማይቀበሉት ስህተት ብለው ይመልሳሉ፣ ያኔ መመሪያውን ማየት ነው። (ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ብጽፋቸውም ሞደሙ ላይ የሚተየቡት በላቲን ነው፤ ሁሉም «ኤቲ» በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራሉ።) እዚያው ገጽ ላይ የመዝገብ ፋይል እንዲይዝ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ ስንት ላይ እንደተገናኘ ተጽፎ ይቀመጣል።

አሁን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1998 የወጣው ቪ.90 የሚባለው የ56ኬ ሞደሞች መግባቢያ ደረጃ የሚወጣውና የሚወርደው በ1,333 ቢት ነው፤ 42,667፣ 44,000፣ 45,333፣ 46,667፣ 48,000 እያለ። የቀድሞው ቪ.34 ግን በ2,400 ቢት ነው የሚረግጠው፤ 26,400፣ 28,800፣ 31,200፣ 33,600። ስለዚህ መዝገቡ ላይ 31,200 ካየህ ሞደሙ በ56ኬ ዘዴ ተገናኝቶ ዘገምተኛ ሆነ ማለት አይደለም። የ56ኬውን ዘዴ ሞክሮ፣ አልሆንልህ ብሎት፣ ወደ አሮጌው ወርዷል ማለት ነው። 32,000 ካየህ ደግሞ ቪ.90 ራሱ ይሠራል፤ መስመሩ ግን ቆሽሿል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎረቤት ይምሰሉ እንጂ በሽታቸው የተለያየ ነው። የእኔ መዝገብ አሥር ጊዜ ተደውሎ ስምንቱን 31,200 ነበር የሚያሳየው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ የት መፈለግ እንዳለብህ ያሳይሃል። የስልክ ማዕከሉ ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ይጽፋል፤ ያ 64,000 ቢት ነው። ቪ.90 የሚሠራው አገልግሎት ሰጪው ከማዕከሉ ጋር በዲጂታል መስመር ከተገናኘና ምልክቱ ወደ ድምፅ የሚለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም አንተ ዘንድ የሚደርሰው የመዳብ ሽቦ ከማዕከሉ በሚነሳበት ጫፍ ላይ ከሆነ ነው። መንገድ ላይ ሌላ መለወጫ ከገባ፣ ለምሳሌ አንድ ጥንድ ሽቦ ለሁለት ቤት የተከፈለበት መስመር ከሆነ፣ የትኛውም ሞደም ከ33,600 አያልፍም። ለዚህ ቤት ውስጥ መፍትሔ የለውም። ወደ ላይ የሚሄደው ደግሞ በቪ.90 ሁልጊዜም ከ33,600 አይበልጥም፤ ከባድ አባሪ ያለው ኢሜይል ሲላክ የሚጎተተው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አባሪው ወደ ጽሑፍ ፊደላት ተለውጦ ስለሚሄድ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል።

የእኔ መስመር የተከፈለ ነው ወይስ ቤቱ ነው የሚያበላሸው? ይህን ለመለየት አንድ ፈተና ይበቃል። የስልክ ሽቦው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባበትን የመጀመሪያውን ሶኬት ፈለግኩ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ፣ ፋክሱን ጭምር፣ ነቀልኩ፤ ኮምፒውተሩን እዚያ ድረስ ተሸክሜ ወስጄ ሞደሙን ከ2 ሜትር ባነሰ ገመድ በቀጥታ ሰካሁት። አምስት ጊዜ ደወልኩ። አራቱ 46,667፣ አንዱ 45,333። ስለዚህ ማዕከሉም አገልግሎት ሰጪውም ነፃ ናቸው። አምስት ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በእያንዳንዱ ጥሪ የምትደርሰው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ወዳለ የተለያየ ሞደም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በአንድ ጥሪ መፍረድ ያሳስታል።

ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ እየመለስኩ በየደረጃው አምስት አምስት ጊዜ ደወልኩ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን መቻኮል የለበትም፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርክ የትኛው እንደፈወሰው አታውቅም። ሁለት ጥፋተኞች ተገኙ። አንዱ ሞደሙን ከሩቅ ክፍል የሚያገናኘው የ10 ሜትር ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች እርስ በርስ ስላልተጠማዘዙ ከአጠገባቸው ያለውን የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ይለቅማሉ፤ የእኔው ደግሞ ከኃይል ማከፋፈያው ገመድ ጋር በአንድ ላይ ታስሮ በጠረጴዛው ሥር ያልፍ ነበር። በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ተካሁት፣ ከኃይል ገመዱም አራቅኩት፤ መሻገር ግድ በሆነበት ቦታ ጎን ለጎን ከማስኬድ በመስቀለኛ አሳለፍኩት። ሁለተኛው ስልክና ሞደም አብሮ የሚያሰካው ባለ ሁለት አፍ መክፈያ ነው። ውስጡ ያሉት የመዳብ ልሳኖች ዝገው ነበር። ስልኩን አንስቼ አንድ ቁጥር ብቻ በመጫን የመስመሩን ድምፅ አጠፋሁና ዝምታውን አዳመጥኩ፤ መክፈያው በጣት ሲነካካ ጭርጭር ይል ነበር። ይህ ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጤነኛ መስመር በዚያ ዝምታ ውስጥ ምንም ማለት የለበትም። መክፈያውን ጥዬ ሞደሙ ጀርባ ላይ ባለው «ስልክ» የሚል ሁለተኛ ቀዳዳ ስልኩን ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ከ44,000 በታች ወርዶ አያውቅም።

መቆራረጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው ሁለት መንስኤ ነበረው። አንደኛው የጥሪ መጠበቂያ አገልግሎት ነው፤ ሌላ ሰው ሲደውል በመስመሩ ውስጥ የሚገባው «ቲት» የሚል ድምፅ የሞደሙን ምልክት ለቅጽበት ይሸፍነዋል፣ ሞደሙም ወዲያኛው ወገን የዘጋ ይመስለዋል። መጠበቂያውን ለአንድ ጥሪ የሚያጠፋ ኮድ ካለ ከቁጥሩ በፊት አስገብቶ ኮማ ማድረግ ነው፤ ኮማው ሞደሙን ለ2 ሰከንድ ያህል ያስቆመዋል። ኮዱ ከአገር አገር ስለሚለያይ የስልክ ድርጅቱን መጠየቅ ይሻላል። ኮድ በሌለበት ኤስ10 የሚባለውን የሞደሙን ቅንብር ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ምልክቱ ሲጠፋ ሞደሙ ከመዝጋቱ በፊት ስንት እንደሚታገስ የሚወስነው እሱ ነው፣ የሚቆጠረውም በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ሲመረት የሚሰጠው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰከንድ በታች ነው፤ እኔ ኤስ10=50 ብዬ 5 ሰከንድ ሰጠሁት። ይህ የሚጠቅመው ግን በአገልግሎት ሰጪው በኩል ያለው ሞደምም የሚታገስ ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ያልጠበቅኩት ነበር። ሞደሙ 48,000 ላይ የተገናኘ ዕለት ደስ ይለኛል፤ ግን ያን ዕለት ነው ማውረዱ በየደቂቃው ለብዙ ሰከንዶች ቀጥ የሚለው። መስመሩ ያን ፍጥነት በጥቂቱ ብቻ ነው የሚችለው፤ ትንሽ ጫጫታ ሲገባ ሁለቱ ሞደሞች ሥራ አቁመው እንደገና ይስማማሉ፣ በዚያ መሀል አንድም ባይት አያልፍም። ከፍተኛውን ፍጥነት በትእዛዝ 44,000 ላይ ገታሁት። ትእዛዙ እንደ ሞደሙ ቺፕ ዓይነት ስለሚለያይ ከመመሪያው መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሌላውን ሞደም ትእዛዝ መቅዳት ከንቱ ነው። ፍጥነቱን ቀንሼ ፋይሉ ቶሎ ወረደ። ከሁሉም ለውጥ ይኼኛውን ሰዎች ለማመን ይቸገራሉ።

ፍጥነት ሲለካ በጽሑፍ ፋይል አይለካ። ሞደሞቹ በመሀላቸው መረጃውን ስለሚጨምቁ ጽሑፍ ከመስመሩ አቅም ሁለትና ሦስት እጥፍ የፈጠነ መስሎ ይታያል። ዚፕ ፋይል አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ እውነቱን ይናገራል። 44,000 ቢት ለ8 ሲካፈል 5,500 ባይት በሰከንድ ነው፤ አንድ ሜጋባይት ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይፈጃል፣ 3 ሜጋባይት ወደ 10 ደቂቃ። ከዚህ ብዙ ካነሰ መስመሩን ሳይሆን ሌላውን መንገድ ተጠራጠር።

ውጫዊ ሞደም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ያ ሌላው መንገድ ብዙ ጊዜ ሲሪያል ፖርቱ ነው። ፖርቱ በ115,200 ሲሠራ በሰከንድ 11,520 ባይት ያልፍበታል፤ እዚህ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ ነው። በየ87 ማይክሮሰከንዱ አንድ ባይት ይደርሳል ማለት ነው። 8250 ወይም 16450 የሚባለው አሮጌ የፖርቱ ቺፕ የሚይዘው አንድ ባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዲስክ ሲያነብ ለቅጽበት ቢዘገይ የሚቀጥለው ባይት በቀዳሚው ላይ ይጻፍበታል። 16550ኤ የሚባለው 16 ባይት ስለሚያቆይ ከ1 ሚሊሰከንድ በላይ ፋታ ይሰጣል። በዊንዶውስ 98 የሞደሙ ገጽ ላይ ያለው የፍተሻ ቁልፍ ሲጫን የቺፑን ስም ይነግርሃል። የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያው (ኮምፒውተሩና ሞደሙ «ቆይ፣ ቀጥል» የሚባባሉበት) ሥራ ላይ መሆኑንም እዚያው አረጋግጥ። ካርድ ሆኖ ውስጥ የሚገባ ሞደም ከሆነ ደግሞ ኮም3 በሚባለው የሲሪያል ፖርት ቁጥር ላይ አታስቀምጠው፣ ማውሱ ኮም1 ላይ ካለ፤ ሁለቱ የሚጠቀሙት ያው 4ኛውን የማቋረጫ መስመር (መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበትን) ስለሆነ ማውሱን ስታንቀሳቅስ ሞደሙ ይዘጋል።

የይለፍ ቃል ማረጋገጡ የሚያዘግይ ከሆነ በግንኙነቱ የሰርቨር ገጽ ላይ «ኔትወርክ ውስጥ ግባ» የሚለውን፣ ኔትቢዩዪና አይፒኤክስ የሚባሉትን የቢሮ ኔትወርክ መግባቢያዎች ማጥፋት፤ የኢንተርኔቱ ቲሲፒ/አይፒ ብቻ በርቶ ይቆይ። የድምፅ መልእክት ሲኖር መስመሩ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ የሚሰጥበት ስልክ ላይ ሞደሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» ካለ ኤክስ3 የሚለው ትእዛዝ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል።

በማውረድ በኩል፣ የተቋረጠ ፋይልን ከቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ሳይኖር ከ2 ሜጋባይት በላይ አልሞክርም። ጌትራይትም ሆነ መሰሎቹ የሚሠሩት ሰርቨሩ ከመሀል መቀጠልን ከፈቀደ ነው፤ ስለዚህ ማውረዱ በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ ፕሮግራሙ «መቀጠል ይቻላል» ማለቱን አየሁ፣ ካላለ ሌላ ሰርቨር ፈለግኩ። ፋይሉን በአራት ቦታ ከፍሎ በአንድ ጊዜ ማውረድ ግን በዳያል-አፕ አይጠቅምም፤ ጠባቡ የገዛ የስልክ መስመርህ ነውና አራቱ ያንኑ 5,500 ባይት ነው የሚካፈሉት። የቀጠለ ዚፕ ካለቀ በኋላ መከፈቱን ሳትሞክር መስመሩን አትዝጋ።

ኢሜይል ከመስመር ውጭ ተጽፎ በአንድ ጊዜ ይላካል። ከባድ አባሪ የመልእክት ሳጥኑን ዘግቶ ሌላው እንዳይወርድ ሲያደርግ ፕሮግራሙን ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን እንዳያወርድ፣ ርእሱን ብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ብራውዘሩ ላይ የሥዕል መጫንን አጥፍቼ የምፈልገውን ሥዕል ብቻ በቀኝ ጠቅታ አስጠርቻለሁ፤ ገጹ ባዶ ይምሰል እንጂ ጽሑፉ በሰከንዶች ይደርሳል።

ነጎድጓድ ሲጀምር የኃይል ገመዱን መንቀል አይበቃም። ሞደምን በብዛት የሚያቃጥለው በስልክ ሽቦው የሚመጣው ጭነት ነው፤ በካርድ ሞደም በኩል ደግሞ ማዘርቦርዱ ድረስ ይዘልቃል። የስልክ ገመዱን ከሞደሙ ጀርባ ሳይሆን ከግድግዳው ሶኬት ላይ ነቅዬ ጫፉን ከኮምፒውተሩ አርቄ አስቀምጣለሁ፤ ሲመለስም አንድ ጊዜ ደውዬ መዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር አያለሁ።