ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ሱቃችን አንዲት ልጅ የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። ለሙት ዓመት ባነር ነው። እናትየው ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ከኋላቸውም ነጭ ግድግዳ። «ግድግዳው ይጥፋልኝ፤ ጥለቱ ግን እንዳይነካ» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት።

እንዲህ ያለውን ፎቶ በፎቶሾፕ ማጂክ ዋንድ (ተመሳሳይ ቀለምን በአንድ ጠቅታ በሚመርጠው መሣሪያ) መንካት አልወድም። መሣሪያው የሚያየው ቀለምን እንጂ ሰውን አይደለም። ቶለራንሱን (ምን ያህል የተቀራረበ ቀለም አብሮ እንደሚመርጥ የሚወስነውን ቁጥር) ከተለመደው 32 ብታወርዱትም ግድግዳውን ሲበላ ነጠላውንም ይጎርሳል። ማህተም ወይም ሎጎ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ብሌንድ ሞዱን (ምስሉ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) መልቲፕላይ ስታደርጉት ነጩ ይጠፋል።

ለእሳቸው ግን ፔን ቱል ያዝኩ፤ ጠርዝን በእጅ በመስመር የምንዞርበት መሣሪያ ነው። የነጠላውን ጠርዝ ቀስ ብዬ ዞርኩት። ከዚያ ሌየር ማስክ፤ የምስሉን ክፍል የሚሸፍን መጋረጃ በሉት። ምንም አልሰርዝም፣ እደብቃለሁ እንጂ። ጫፉ ላይ ማስኩን በለስላሳ ብራሽ ግራጫ ቀባሁት፤ የባነሩ ቀለም ትንሽ እንዲያሳልፍ። ነጠላ እኮ ስስ ነው፤ እንደ ካርቶን ተቆርጦ ሲታይ ያስጠላኛል።

ልጅቷ ስታየው «እማዬ ራሷ!» አለች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በፒኤንጂ፣ ጀርባው ባዶ ሆኖ በሚቆይ የምስል ፋይል ዓይነት፣ አስቀምጬ ሰጠኋት። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ግን ግልጽ ጀርባ አይዝም። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ በፎቶ ከሄደ ወደ ጄፔግ ይቀየራል።