የቡሄ ሰሞን መድፌ

ደብረ ማርቆስ፣ የ2008 ክረምት። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት ገብቻለሁ። ዝናቡ ከደጅ አያስወጣም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እንዲሉ፣ በታመቀ አየር ድንች የሚተኩስ መድፍ ልሠራ ተነሣሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጋን ውስጥ አየር ታምቃለህ። ከጋኑ ቀጥሎ ቫልቭ፣ ከቫልቩ ቀጥሎ ረጅም ቱቦ። ድንቹን በቱቦው አፍ ትወትፋለህ። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ መውጫ ይፈልጋል፤ በሩ ላይ የቆመው ደግሞ ድንቹ ነው። ባሩድ የለ፣ እሳት የለ።

መጀመሪያ ሁሉንም በፒቪሲ፣ በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ነበር የሠራሁት። ቱቦው ላይ የሚችለው ግፊት 10 ባር ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ የምፈልገው 4 ነው። አየር ላስሞላ ተሸክሜው ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና አየር ሳይሞሉ መለሱልኝ።

«ጋሼ፣ 10 ይችላል እኮ፤ ተጽፎበታል።»

«እሱ ለውሃ ነው። ውሃ ቢሰነጥቀው ያረጥብሃል። አየር ቢሰነጥቀው ስብርባሪውን ከሆድህ ነው የምትለቅመው።»

ቅር አለኝ። የፊዚክስ ተማሪው እኔ፣ አስተማሪው እሳቸው! ግን ልክ ነበሩ። ውሃ ብትጫነው እምብዛም አይጨመቅም። ቱቦው ሲሰነጠቅ ትንሽ ፈሰስ ይልና ግፊቱ ወዲያው ይሞታል። አየር ግን እንደተጨመቀ ሞላ ነው፤ የያዘውን ሁሉ አንዴ ነው የሚለቀው። ፒቪሲ ደግሞ እንደ ብረት አይለመጥም፣ እንደ ሸክላ ይበታተናል። እሳቸው ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ጎማ ፈንድቶ ቸርኬ ሲወረወር ያየ ሰው ነው።

ከጓሮ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የፍሬን አየር ጋን አምጥተው አዋሱኝ። «ይኼ ለአየር የተሠራ ነው። ስትጨርስ መልስ።» በያጅ ዘንድ ሄጄ 2 ኢንች የብረት ቱቦ አስገጠምኩ። የሰፈር ልጆች ሴባስቶፖል አሏት። የአጼ ቴዎድሮሷ 7 ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ የኔዋን እማዬ ብቻዋን አንሥታ ከደጃፍ ታወጣታለች።

የመጀመሪያው ተኩስ ውርደት ነበር። ፍስስስ... አለና ድንቹ እግሬ ሥር ዱብ። ጥፋቱ የቫልቩ ነው። በእጄ ቀስ ብዬ ስከፍተው አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ በድንቹ ጎን ሾልኮ ያልቃል። እጀታውን በከመነዳሪ ላስቲክ ወጥሬ በአንድ ጊዜ እንዲፈነጠር አደረግሁት። የቱቦውንም አፍ በሞረድ ሳልኩት፤ ድንቹን ስትጫነው ዙሪያውን ራሱ ይቆርጠውና ልክክ ይላል።

ሁለተኛው ባዶውን የጤፍ ማሳ አቋርጦ ሄደ።

ከቱቦው አፍ ነጭ ነገር ቦለል አለ። እማዬ «እሳት የለውም አላልክም?» አለች። ጭስ አልነበረም። የታመቀ አየር በድንገት ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል። ይህን ባስረዳት እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው፦ ፍልሰታ ገብቷል፣ ድንቹ የጾም ወጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የምተኩሰው የበሰበሰውን ብቻ ሆነ። (የበሰበሰ ድንች ቱቦ ውስጥ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።)

በቡሄ ዋዜማ ልጆቹ ጅራፍ ያጮሃሉ። እኔም 4 ባር ሞልቼ ወጣሁ። ለቀቅሁት። ዱፍ! አንድ የአሥር ዓመት እረኛ ጠጋ ብሎ አየኝና «ይቺው ናት?» አለ። ጅራፉን ሁለቴ በራሱ ላይ አዙሮ ሲሰነዝረው ጆሮዬ ጭው አለ። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ይፈጥናል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ። ጩኸቱም ከዚያ የመጣ ነው። የኔ ድንች አጠገቡም አልደረሰ። ስንት ብር አውጥቼ፣ በያጅ ለምኜ፣ በገመድ ተበለጥኩ። ልጁን ጅራፉን እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት። የገዛ ጆሮዬን ገረፍኩ።

ጋኑን ለጎሚስታው መለስኩ። ቱቦው ግን ጓሮ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቀረ። ዓመታት አለፉ፤ ጎጃምም እንደዚያን ጊዜ አይደለም። ዛሬ ዱፍ ሲል ማንም ቡሄ ነው ብሎ አያልፍም።

ባለፈው እማዬ ደወለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮው አወራን። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ቱቦህን አስቆርጬዋለሁ» አለችኝ። «ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል።»

«ምን አደረግሽው?»

«የዶሮ ቆጥ።»